በሰም የታሸገች ፊደል

ቀረብ በሉ እስቲ ወገኖቼ። ውጭው ብርድ ነው፣ ቡናውም ገና አቦል ላይ ነው፣ ወሬው ደግሞ ረዘም ይላልና ሳትቸኩሉ ስሙኝ። ዛሬ የማወራላችሁ ቨርጂኒያ ስላለ አንድ የታክሲ ሾፌር ነው። ስሙን አልነግራችሁም። አየር ማረፊያው በር ላይ ተራ ሲጠብቁ የሚውሉት ሾፌሮች ግን «የኔታ» ይሉታል፣ እኔም እንደነሱ የኔታ እለዋለሁ። እንዲህ የተባለው በልጅነቱ ጎጃም ውስጥ ቅኔ ቤት ገብቶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ውሻ እያባረረው ቁራሽ ለምኖ ስለተማረ ነው። ከዚያም ቅኔውን ሳይጨርስ ወታደር ሆነ፣ ከዚያም በሱዳን በኩል ወጣ፣ ከዚያም አሜሪካ ገባ፣ ገብቶም ሠላሳ ዓመት መሪ ጨበጠ፣ ግን ዛሬም ቢሆን ሰው አንድ ቃል በተናገረ ቁጥር ኅብሩ የት አለ ብሎ ሳይፈልግ አያድርም።

ከወታደር ቤት ይዞት የወጣው ነገር ቢኖር ሲጋራ ነው።

በ2021 መከር ላይ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው)፣ የቨርጂኒያ ዛፎች ቅጠላቸው እሳት መስሎ ሳለ፣ አንድ ሌሊት ተሳፋሪ አድርሶ ሲመለስ ነዳጅ ማደያ ቆመ፣ መጸዳጃ ቤት ገባ፣ ሽንቱንም ቀይ ሆኖ አየው። አላመመውም፣ አላቃጠለውም። ማታ ቀይ ሥር በልቻለሁ አለና እጁን ታጥቦ ወጣ። ከዚያ ሦስት ሳምንት ጠራለት፣ ከዚያ እንደገና ቀላ፣ ያን ጊዜ ደግሞ ቀይ ሥር አልበላም ነበር። የፊኛ ካንሰር ተንኮሉ ይኸው ነው፤ ሳያሳምም ደም ያሳይና መልሶ ይሰበስበዋል፣ ሰውየውም ዳንኩ ብሎ ይዘናጋል። ስንቱ ሰው በቀይ ሥር አመካኝቶ ይሆን እላለሁ አንዳንድ ጊዜ።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። በ1895 ፍራንክፈርት ከተማ ሉድቪግ ሬን የሚባል የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበረ። ያኔ በጀርመን ፉክሲን የሚባል ደማቅ ቀለም በፋብሪካ ይመረት ነበር፣ ሬንም ይህን ቀለም ከሚሠሩ 45 ሠራተኞች መካከል በ3ቱ ፊኛ ውስጥ ዕጢ አገኘና በሐኪሞች ጉባኤ ፊት ቆሞ ነገሩን ከሥራቸው ጋር አያያዘው። ሰው የሚተነፍሰው መርዝ በደም ይዞራል፣ በኩላሊት ይጣራል፣ መጨረሻ ላይ ፊኛ ውስጥ ተጠራቅሞ መውጫውን ይጠብቃል፣ ሲጠብቅም ግድግዳውን ይልሳል። በቀለም ፋብሪካዎቹ ውስጥ ከነበሩት መርዞች አንዳንዶቹ በሲጋራ ጢስም ውስጥ አሉ። እንግዲህ የኔታ ፍራንክፈርትን በዓይኑ ባያያትም ፋብሪካውን በሸሚዝ ኪሱ ይዞት ነበር የሚዞረው። በእኛው አገር በአዋሽ ሸለቆ ደግሞ በውኃ ውስጥ ያለው ቢልሃርዝያ ፊኛን እያቆሰለ ሌላ ዓይነት ካንሰር ሊያመጣ ይችላል፤ እሱ የራሱ ወሬ አለውና ለሌላ ቀን እንተወው።

የኔታ ሐኪም ቤት ሄደ፣ ልጁም አብራው ሄደች። በሽንት መሽኛው በኩል ቀጭን ካሜራ አስገቡ፣ ሆዱን ሳይቀዱ ዕጢውን ከውስጥ እየፋቁ አወጡት። የተፋቀውን ሥጋ ቁርጥራጭ ፎርማሊን ውስጥ ነከሩት፣ ከዚያም ውኃውን አስወጥተው የቀለጠ ሰም አፈሰሱበት፣ ሰሙም ሲረጋ የሥጋው ፍርፋሪ እንደ ዝንብ በሙጫ ውስጥ ተይዞ ቀረ። ከላዩ በጣም ስስ አድርገው ልጠው በማይክሮስኮፕ አዩት፣ ካንሰር መሆኑን፣ ጡንቻውንም መንካቱን ጻፉ፣ ከዚያም እነዚያን ትንንሽ የሰም ጡቦች ቁጥር ለጥፈው መጋዘን ውስጥ መደርደሪያ ላይ አስቀመጧቸው። የኔታም ረሳቸው። ማን ያስታውሳቸዋል?

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቶሎ ቶሎ ልንገራችሁ፣ የመከራ ወሬ ሲረዝም አልወድም። ኬሞቴራፒ ወሰደ፣ ፊኛው በቀዶ ሕክምና ወጣ፣ ሆዱ ላይ የሽንት ከረጢት ተለጠፈለት፣ ሲጋራውንም በዚያው ተወ። ዓመት ተኩል ያህል ደህና ሰነበተ። ከዚያ ጉበቱ ላይና ሳንባው ላይ ነጠብጣብ ታየ። የሰውነትን መከላከያ የሚቀሰቅሰውን መድኃኒት በደም ሥሩ ሰጡት፣ ዓመት ያህል ያዘለት፣ ከዚያ በ2024 ማለቂያ ላይ የጉበቱ ነጠብጣብ ማደግ ጀመረ።

በጥር በረዶ ወረደ። የምታክመው ዶክተር ጠራቻቸው፣ አባትና ልጅም መንገዱ እየተንሸራተተባቸው ሄዱ። እንዲህም አለች፤ አንድ መድኃኒት አለ፣ በአፍ የሚዋጥ ነው፣ ግን ለሁሉም አይሰጥም፤ ዕጢህ ውስጥ አንዲት ፊደል ተሳስታ ከሆነ ብቻ ነው የሚሠራው። ከዚህ ደረጃ ከደረሱት የፊኛ ካንሰር ሕሙማን ከአምስቱ በአንዱ ገደማ ላይ ይህ ዓይነት ስሕተት ይገኛል። ስለዚህ መመርመር አለብን። ልጁ ይህን ወደ አማርኛ እየመለሰች ስትነግረው፣ የኔታ ፊደል የምትለውን ቃል ሲሰማ ከወንበሩ ቀና አለ።

ያቺን ፊደል ያገኟት ሰዎች እሷን አልነበረም የሚፈልጉት። ሳኦል የአባቱ አህዮች ጠፍተውበት ሲፈልግ መንግሥት እንዳገኘ ታውቃላችሁ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ኧርቫይን በምትባል ከተማ ባለው ዩኒቨርሲቲ ጆን ዋዝመት የሚባል ተመራማሪ ነበረ። ከባልደረቦቹ ጋር ሃንቲንግተን የሚባለውን የአንጎል በሽታ የሚያመጣውን ዘረመል ፍለጋ የአራተኛውን ክሮሞሶም ጫፍ ይበረብሩ ነበር፣ ሲበረብሩም በ1991 ኤፍ ጂ ኤፍ አር 3 የሚባለውን ዘረመል እዚያው ሰፈር አገኙት፣ ግን የሚፈልጉት እሱ አልነበረም። የሃንቲንግተኑ በ1993 ተገኘ። በ1994 ግን ዋዝመትና ባልደረቦቹ ያንን የተተወ ዘረመል እንደገና ሲያገላብጡት አኮንድሮፕላዥያ ያለባቸው ሰዎች፣ እነዚያ እጅና እግራቸው ከሌላው ሰው አጥሮ የሚያድገው፣ ሁሉም ማለት ይቻላል በዚያ ዘረመል ውስጥ በአንድ ቦታ አንድ ፊደል ተለውጦባቸው ተገኙ። በዚያው ዓመት በፓሪስም ሌሎች ሰዎች በሌላ መንገድ መጥተው እዚያው ደረሱ።

እንግዲህ ይህ የአጥንት ወሬ ነው። ከፊኛ ጋር ምን አገናኘው? እኔም መጀመሪያ ስሰማው እንዲሁ ብዬ ነበር።

በ1999 ፓሪስ በሚገኘው የኩሪ ተቋም ፍራንስዋ ራድቫኒና ባልደረቦቹ፣ ከከተማው ዳር ክሬቴይ ካለ ሆስፒታል ሐኪሞች ጋር ሆነው፣ የፊኛ ዕጢዎችን ዘረመል ፊደል በፊደል አነበቡ። ካነበቧቸውም ውስጥ ከሦስቱ በአንዱ ገደማ ያው የአጥንቱ ዘረመል ተሳስቶ አገኙት። ያስደነቃቸውም ይህ ነው፤ በዕጢዎቹ ላይ የተገኙት ስሕተቶች በአጥንት ላይ ከሁሉ የከፋውን ጉዳት የሚያመጡት፣ ሕፃን ይዟቸው ከተፀነሰ ገና ሲወለድ የሚገድሉት ናቸው። አጥንት ላይ ዘረመሉ እንደ በር ደወል ሆኖ «ቁም፣ አትደግ» ይላል፣ ደወሉ ያለ ማቋረጥ ሲጮኽ አጥንቱ ይቆማል። ፊኛ ላይ ግን ያው ደወል «እደግ፣ ተባዛ» ማለት ነው፣ ሲጮኽ ዕጢው ይፋፋል። አንድ ደወል፣ በአንዱ ቤት የመተኛ፣ በሌላው ቤት የመነሻ። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ዝም እላለሁ።

ዶክተሯ ለየኔታ ስታስረዳው ዶቃ ብላ ነበር፣ ልጁ ግን አባቷን ታውቃለችና መቁጠሪያ ብላ መለሰችው። ያ ዘረመል የሚሠራው ነገር 806 ፍሬ እንዳለው መቁጠሪያ ነው። 249ኛው ፍሬ ሴሪን ይባላል። በዘረመሉ ላይ ይህን ፍሬ የሚጠሩት ሦስት ፊደላት ናቸው፣ ቲ፣ ሲ፣ ሲ። መካከለኛዋ ሲ ወደ ጂ ስትለወጥ በሴሪን ፈንታ ሲስቲን የሚባል ፍሬ ይሰካል፣ ሲስቲን ደግሞ ድኝ አለበት፣ ድኙም እንደ መንጠቆ ነው። ደወሉ ሁለት ግማሽ ነው፣ ሁለቱ ካልተነካኩ አይጮኽም፣ በደህና ቀን መልእክተኛ ከውጭ መጥቶ ሲያገናኛቸው ይጮኻል፣ መልእክተኛው ሲሄድም ይለያያሉ። መንጠቆው ሲኖር ግን ግማሾቹ ራሳቸው ተጠላልፈው ይቀራሉ፣ ማንም ሳይመጣ ቀንም ሌሊትም ይጮኻል። ከፊኛ ካንሰር ስሕተቶች ሁሉ በዚህ ዘረመል ላይ በብዛት የሚገኘው ይኸኛው፣ የ249ኛው ፍሬ ነው።

በሉ አሁን ወደ ሰሙ እንመለስ። ምርመራው የሚሠራው ከዚያ መጋዘን ከቀረው የሰም ጡብ ነው። አንድ ሰው ወርዶ ቁጥሩን ፈልጎ አገኘው፣ ጡቡ በትንሽ ሣጥን ታሸገ፣ በመኪና ከዚያም በአውሮፕላን ተጭኖ ወደ ሌላ ክፍለ ግዛት ሄደ። የኔታ ይህን ሲሰማ ሳቀ፣ «እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው ሳመላልስ የኔ ሥጋ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ አሁን ደግሞ ያለ እኔ በአውሮፕላን ይሄዳል» አለ። እዚያም ሲደርስ ሰሙን አቅልጠው ከሥጋው ፍርፋሪ አር ኤን ኤ የሚባለውን የዘረመል ግልባጭ ያወጣሉ፣ ከዚያም ያቺ የተሳሳተች ፊደል ስትገኝ ብቻ የሚበራ ምርመራ ያካሂዳሉ፤ ወይም በሌላው መንገድ ብዙ መቶ ዘረመሎችን በአንድ ጊዜ ያነባሉ።

አሥራ ሁለት ቀን ጠበቁ። መልሱም መጣ፣ «ናሙናው አልበቃም» ይላል። በጡቡ ውስጥ የቀረው ሥጋ ትንሽ ነው፣ ፎርማሊንና ጊዜ ደግሞ አር ኤን ኤን ይሰባብራሉ። ልጁ ስልክ ያዘች፣ አንዱ ክፍል ወደ ሌላው መራት፣ ሌላው ወደ መጀመሪያው መለሳት፣ ሆስፒታሉን አልጠራውም፣ ቢሆንም አንድ ነገር ልበል። የሕክምና መመሪያዎች በሽታው በተሠራጨ ጊዜ ይህ ምርመራ ቀደም ብሎ እንዲታዘዝ ይመክራሉ። ነጠብጣቡ የታየው በ2023 ነው፤ ያኔ ታዞ ቢሆን መልሱ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀው ነበር፣ ይህ ቤተሰብም የጉበቱ ነጠብጣብ እያደገ ስልክ ላይ ባልቆመ ነበር። በመጨረሻ ከዚያው ከመጀመሪያው ቀን ፍቅፋቂ ሁለተኛ ጡብ ተገኘ፣ ሥጋው ወፈር ያለ፣ እሱም ተላከ፣ በረዶውም እንደገና ወረደ፣ እንደገናም ጠበቁ።

የካቲት መገባደጃ ላይ ሁዳዴ በገባበት ሳምንት ዶክተሯ ደወለች። ተገኝታለች፣ ያቺው የ249ኛዋ። ልጁ አለቀሰች፣ ባለቤቱ ዕልልታዋ ጉሮሮዋ ላይ ቀረ፣ ነገሩ ሕመም መሆኑ ትዝ አላትና። የኔታ ግን ወረቀትና እስክሪብቶ አስመጣ። «ይብቃ» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ «ይብላ» ብሎ ጻፈ። «አያችሁ? ሰውነቴ ለፊኛዬ ‹ይብቃ› ብሎ ጽፎለት ነበር፣ ጸሐፊው ቃን ላ አደረገውና ይኸው በላኝ» አለ። ከዚያም ትንሽ ቆየና፣ «ለካ ፈረንጆቹም ከሰሙ ውስጥ ወርቁን ነው የሚፈልጉት» አለ።

መድኃኒቱ ኤርዳፊቲኒብ ይባላል። ነገሩን የጀመረው እንግሊዝ ካምብሪጅ ያለው አስቴክስ የሚባል ኩባንያ ነው፣ በኋላ ጃንሰን የተባለው ትልቅ ኩባንያ ይዞት ቀጠለ። ደወሉን ከውጭ አይነቅለውም፤ ወደ ሕዋሱ ውስጥ ገብቶ ድምፁ በሚተላለፍበት ሽቦ ላይ ይቀመጥበታል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ሚያዝያ 2019 ላይ ሲፈቅደው ፊደሏን የሚፈልገውን ምርመራ አብሮ ፈቀደ፣ አንዱ ያለ ሌላው ዋጋ የለውምና። ከዚያ ቶር በሚባል ጥናት ዘረመላቸው የተሳሳተ 266 ሰዎች ተመዝግበው፣ ግማሾቹ ይህን፣ ግማሾቹ ኬሞቴራፒ ወሰዱ። ኬሞቴራፒ ከወሰዱት ግማሹ ሰው በሕይወት የቆየው እስከ 7.8 ወር ነው፣ ክኒኑን ከወሰዱት ግማሹ እስከ 12.1 ወር። ዕጢያቸው በግልጽ የጠበበላቸው በክኒኑ ከመቶ 46 ያህል፣ በኬሞቴራፒው 12 ያህል ናቸው። ጥር 2024 ላይ ሙሉ ፈቃድ አገኘ። ልጁ «ታዲያ ለምን ከመጀመሪያው አልሰጣችሁትም?» ስትል ዶክተሯ እውነቱን ነገረቻት። ክኒኑ አባቷ ቀድሞ ከወሰደው መድኃኒት ዓይነት ጋር በሌላው የጥናቱ ክፍል ሲወዳደር በዕድሜ ላይ ብልጫ አልታየበትም፣ ስለዚህ ያ ይቀድማል፣ ይህ ይከተላል። አራት ወር ከምን እንደሚቆጠር እናንተም ታውቃላችሁ። አራት ወር ማለት ለፋሲካ መድረስ ነው።

ጀመረ፣ በቀን 8 ሚሊግራም። ከዚያ ማንም ያልጠበቀው ጠብ ኩሽና ውስጥ ተነሣ። ኩላሊት ፎስፌትን የሚያስወጣው በዚሁ ደወል ዘመዶች ነው፣ መድኃኒቱ ደግሞ ዘመድ አይለይም፣ እነሱንም ዝም ያሰኛቸዋል፣ ስለዚህ ፎስፌት በደም ውስጥ ከፍ ይላል። ዶክተሯ ይህን በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት መካከል ለካችው። ከልክ ሲያልፍ ትሠጋለች፣ ጨርሶ ካልጨመረ ደግሞ መድኃኒቱ ሥራ አልጀመረም ብላ ትጠራጠራለች፣ በዚያው ልኬት ነው መጠኑ ወደ 9 ይውጣ አይውጣ የሚወሰነው። የምግብ ባለሙያዋም ወረቀት ሰጠቻቸው፣ ወተት ይቀነስ፣ አይብ ይቀነስ፣ ለውዝ ይቀነስ፣ ጥራጥሬ ይቀነስ። ባለቤቱ ወረቀቱን አስቀመጠችና «በሁዳዴ ሽሮም ምስርም ቀርቶበት ምን ሊበላ ነው? አየር?» አለች። ሽሮ ምን እንደሆነ እስኪገባት ባለሙያዋን ሰዓት ወሰደባት። ከገባት በኋላ ግን ፊቷ ፈካ፤ በጥራጥሬ ውስጥ ያለውን ፎስፌት አንጀት በሙሉ አይወስደውም፣ ጭልፋው ይነስ እንጂ ሽሮው ይቀጥል አለች። ከዚያም የኔታን ዞር ብላ ሌሊት ሲነዳ ምን እንደሚጠጣ ጠየቀችው። ኮላ አለ። በአሲዱ ውስጥ ያለው ፎስፌት ግን ሳይቀር ይገባል፣ እሱን ተው አለችው። ሽሮ ተርፎ ኮላ ተሰናበተ።

አፉ ቆሰለ፣ ጥፍሮቹ ከሥጋው እየተላቀቁ መሪ ሲይዝ አመሙት። ይህን ሁሉ ቻለ። የፈራው ዓይኑን ነው፣ ሾፌር ነውና። መድኃኒቱ ከዓይን ብርሃን መቀበያ ሥር ውኃ ሊያቋጥር ይችላል፣ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን አራት ወራት በየወሩ የዓይን ሐኪም ያየዋል፣ ከዚያም በየሦስት ወሩ። የዓይን ሐኪሙ ደግሞ መሐሉ ላይ ነጥብ ያለበት፣ በድርና ማግ እንደተሠራ ጨርቅ መስመር በመስመር የሆነ ወረቀት ሰጠውና፣ ጠዋት ጠዋት አንድ ዓይንህን ሸፍነህ ነጥቧን እይ፣ መስመሮቹ ከጎበጡ ንገረን አለው። ባለቤቱ ወረቀቱን ማቀዝቀዣው በር ላይ፣ ከእመቤታችን ሥዕል ጎን ለጠፈችው።

በሦስተኛው ወር አንድ ጠዋት ጎበጡ። ነፋስ የነካው መጋረጃ መሰሉ። ወዲያው መድኃኒቱ ቆመ፣ ታክሲውም ቆመ። የኔታ መስኮት ሥር ተቀምጦ ሰው መኪና ሲነዳ ሲያይ ሰነበተ፣ እኔም እየሄድኩ ካርታ እጫወት ነበር፣ እንዳላየ ሆኜ እሸነፍለት ነበር። በዚያው ሳምንት የሲቲ ስካኑ መልስ መጣ፣ የጉበቱ ነጠብጣብ በግማሽ ጠቧል፣ ከሳንባው ሁለት ነጠብጣቦች አንዱ አይታይም። ክኒኑ በቆመበት ሳምንት የክኒኑ ፍሬ ታየ። ባለቤቱ ልትስቅ ነው ልታለቅስ አላወቀችም።

ውኃው ቀስ ብሎ ደረቀ፣ መድኃኒቱም ዝቅ ባለ መጠን ተመለሰ። አሁን ሌሊት አይነዳም። ጠዋት ይነሣል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ ዳዊቱን ይደግማል፣ ከዚያ ማቀዝቀዣው ፊት ይቆምና ግራ ዓይኑን በመዳፉ ይሸፍናል፣ ከዚያ ቀኙን። ባለቤቱ ጀበናውን ይዛ ትጠብቃለች፣ ምንም አትጠይቀውም። ባለፈው ማክሰኞ አብሬአቸው ነበርኩ። ቆሞ ቆሞ እጁን ከዓይኑ አወረደና «ቀጥ ብለዋል» አለ፣ የመኪናውንም ቁልፍ ከሚስማሩ ላይ አነሣ።